ሌሊት ሲደወል ማን ይመጣል?
ለወላጆቻችን ሆስፒስ ከመምረጣችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። አባባ ጎናቸውን ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው «አይዞሽ፣ አሁን ይተወኛል» ይሉኛል። ግንባራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ፍሪጁ ላይ የለጠፍነውን የሆስፒሱን ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ነርስ አልነበረችም፤ መልእክት ተቀባይ ናት። «ተረኛዋ ነርስ ትደውልልሻለች» አለችኝ። ነርሷ ስትደውል ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። «ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሣጥን ክፈቺና ፈሳሹን መድኃኒት ስጪያቸው» አለች።

ሣጥኑ መኖሩን እናውቃለን። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ በምን እንደሚለካ ግን ማንም አላሳየንም። «ነርስ ትመጣለች ወይ?» ስላት «ጠዋት» አለችኝ። ስንጨንቅ 911 ደወልን። «ቤቴ ልሁን» ያሉት አባቴ ሌሊቱን በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ አነጉት።

ጥፋቱ የሆስፒሱ ብቻ አልነበረም። አባባ የሳንባ ካንሰራቸው ሕክምና ከዚህ በላይ እንደማይረዳቸው ሲነገረን፣ ሆስፒታሉ የሆስፒስ ድርጅቶች ስም ዝርዝር ሰጠን። ከላይ ያለውን ስም መረጥን። የመኪና ጎማ ስንገዛ እንኳ ሦስት ቦታ ደውለን ዋጋ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ለአባታችን የመጨረሻ ወራት አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ ፈረምን። በሳምንቱ ወደ ሌላ ሆስፒስ ተዛወርን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እኛ ዘግይተን የተማርነውን እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ይህን ጻፍኩ።

ሆስፒስ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሆስፒስ ሲባል «ሰው ሊሞት የሚወሰድበት ቤት» ይመስለናል። በአሜሪካ ሆስፒስ በአብዛኛው ቦታ ሳይሆን አገልግሎት ነው፤ በሽተኛው ባለበት፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ቤት ይሰጣል። የዘመናዊው ሆስፒስ መሠረት የተጣለው ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ ነው። ሳውንደርስ ነርስም፣ ሶሻል ወርከርም፣ ሐኪምም ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ በሽታው ባይድንም ሥቃዩ መታከም አለበት። በአሜሪካ ሜዲኬር ለዚህ አገልግሎት መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

የሜዲኬር ፓርት ኤ ያለው ሰው ሆስፒስ የሚገባው፣ በሽታው በራሱ መንገድ ከሄደ ዕድሜው 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ሲያረጋግጡና በሽተኛው ማዳኛ ሕክምናውን ትቶ ሥቃይ ማስታገሻውን ሲመርጥ ነው። 6 ወር የጊዜ ገደብ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት የ90 ቀን ዙሮች አሉ፤ ከዚያ ሐኪም እያረጋገጠ በየ60 ቀኑ ይታደሳል። ሐሳቡን የቀየረ ሰው በፈለገበት ቀን መውጣት ይችላል።

ሆስፒስ ይዞት የሚመጣው ብዙ ነው፦ ነርስ፣ ሐኪም፣ ሶሻል ወርከር፣ ገላ የምታጥብና የምታለብስ ረዳት፣ የሃይማኖት አጽናኝ፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ለበሽታው የሚሆን መድኃኒት፣ የሆስፒታል አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ዊልቸር። ለመድኃኒት ቢበዛ 5 ዶላር ቢጠየቅ ነው። አስታማሚው ሲደክመው በሽተኛው በአንድ ጊዜ እስከ 5 ቀን በተቋም ሊቆይ ይችላል፤ ከዚህ ወጪ ቤተሰቡ 5 በመቶውን ይሸፍናል። ከሞት በኋላም ለቤተሰቡ እስከ አንድ ዓመት የሐዘን ድጋፍ አለ።

የማያመጣውንም እንወቅ። ሆስፒስ 24 ሰዓት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያስታምም ሰው አይሰጥም። አብዛኛውን የማስታመም ሥራ የሚሠራው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህም ነው ሌሊት ስንደውል የሚመልስልን ሰው ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው።

ከመፈረም በፊት

ከዝርዝሩ ላይ ቢያንስ ሦስት ድርጅቶች ጋ ደውሉ። ሆስፒታሉ ቢያስቸኩላችሁም አትፍሩ፤ ሆስፒሱን የመምረጥ መብት የበሽተኛው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እነዚህን ጠይቁ።

1. ሌሊትና ቅዳሜና እሁድ ስልኩን ማን ያነሳል? ነርስ ቤታችን ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?
የነርስ አገልግሎትና መድኃኒት 24 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን እንዲገኝ ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ሁሉም «አዎ፣ 24 ሰዓት አለን» ይሏችኋል። እዚያ ላይ አትቁሙ። ተረኛዋ ነርስ በዚያ ሌሊት ስንት አካባቢ ትሸፍናለች? በስልክ ብቻ ነው የምትመክረው ወይስ ትመጣለች? አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ቅዳሜ ማታ ራሳችሁ ደውሉላቸው። ማን እንዳነሳና ነርስ ስንት ደቂቃ ቆይታ መልሳ እንደደወለች ጻፉ።

2. ነርስ በሳምንት ስንት ጊዜ ትመጣለች? ያቺው ነርስ ናት ወይስ በየጊዜው አዲስ?
ከተፈረመ በኋላ ነርስ በ48 ሰዓት ውስጥ መጥታ ማየት አለባት፤ ሙሉው ምርመራ በ5 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያም ቢያንስ በየ15 ቀኑ ይታደሳል። ይህ ዝቅተኛው ነው። አንዷ ነርስ ስንት በሽተኛ እንደያዘች ጠይቁ። በተለይ «የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ በየስንት ቀኑ ትመጣላችሁ?» በሉ።

3. መድኃኒቱ መቼ ቤት ይደርሳል? አሰጣጡን ማን ያሳየናል?
«ሣጥኑ በፖስታ ይመጣል» በቂ መልስ አይደለም። ነርሷ ሣጥኑን ከእናንተ ጋር ከፍታ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሆነ ነግራ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክታ ማሳየት አለባት። ከዚያ እናንተም በፊቷ ለክታችሁ አሳዩዋት። በአማርኛ ጽፋችሁ ሣጥኑ ላይ ለጥፉ። ስለ ሞርፊን የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ያኔ አንሱት። በእኛ ዘንድ «ሞርፊን መግደያ ነው» ይባላል፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ሲሰጥ ግን ሥራው ሥቃይንና የትንፋሽ ማጠርን ማቅለል ነው። ጥሩ ነርስ ይህን ፍርሃት አትንቅም፤ ቁጭ ብላ ታስረዳለች።

4. ሥቃዩ ቤት ውስጥ ካልተቻለስ?
ሜዲኬር የሚከፍልባቸው አራት ዓይነት የሆስፒስ አገልግሎቶች አሉ፦ የዘወትር የቤት እንክብካቤ፣ ጭንቅ ሲመጣ ነርስ ቤት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የምትቆይበት፣ ቤት ያልተቻለውን ሥቃይ ለመቆጣጠር በተቋም የሚተኛበት፣ እና አስታማሚው የሚያርፍበት። «የምታስተኙበት ቦታ የትኛው ነው? ውል አላችሁ? በቅርቡ ተጠቅማችሁበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሆስፒሱ ጋር ሳትነጋገሩ ድንገተኛ ክፍል ከሄዳችሁ ሂሳቡ በእናንተ ላይ ሊወድቅ እንደሚችልም እወቁ።

5. የማትሸፍኑት ምንድን ነው?
ሆስፒሱ «ከበሽታው ጋር አይገናኝም» ብሎ የማይከፍላቸውን መድኃኒቶችና አገልግሎቶች በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የስኳርና የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ ወላጆች ላሉን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

6. ስንት ዓመት ሠርታችኋል? መቼ ተፈተሻችሁ? ምን ጉድለት ተገኘ?
የሜዲኬር ፈቃድ ያላቸው ሆስፒሶች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይፈተሻሉ። መልሱን የሚሸሽ ድርጅት ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል።

ስለ ኮከቦቹ

በሜዲኬር ድረ ገጽ «ኬር ኮምፔር» በሚባለው ክፍል የፖስታ ቁጥራችሁን አስገብታችሁ በአካባቢያችሁ ያሉትን ሆስፒሶች ማወዳደር ትችላላችሁ። ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ኮከብ የሚመጣው ዘመዳቸውን በዚያ ሆስፒስ ካስታመሙ ቤተሰቦች መልስ ነው። ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ ዝርዝሩን አንብቡ፦ እርዳታ በሰዓቱ ደረሰ? ሥቃዩ ታገሠ? ቤተሰቡ ማስታመም ተማረ? ለሌላ ሰው ትመርጡታላችሁ? ሌላው ጠቃሚ ቁጥር፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ቢያንስ በሁለቱ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር በአካል የጎበኟቸው በሽተኞች መቶኛ ነው። ኮከብ የሌለው ሆስፒስ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ አዲስ ወይም ትንሽ ሆኖ በቂ መልስ ያልተሰበሰበለት ሊሆን ይችላል።

ኮከብ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ እንግሊዝኛ በማይናገር አባት ቤት ምን እንደተደረገ አይነግረንም። ለዚያ እድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን ጠይቁ። ያስታመመ ሰው አይደብቃችሁም። የእናንተም ተራ ሲደርስ፣ ከሐዘን በኋላ የመጠይቁ ፖስታ ቢመጣላችሁ አትጣሉት። ሞልታችሁ ላኩት፤ ቀጣዩ ቤተሰብ የሚመርጠው በእናንተ መልስ ነው።

ልጅ አስተርጓሚ አይደለም

የመጀመሪያው ሆስፒስ ነርስ የምትመጣው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነበር። ቤት ያሉት እንግሊዝኛ የማይሰሙ አባቴና እናቴ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰው የ11 ዓመት ልጄም ናቸው። አንድ ቀን ነርሷ በልጄ በኩል «ልብህ ቢቆም እንዲያስነሱህ ትፈልጋለህ?» ብላ አያቱን አስጠየቀችው። ልጄ ማታ ነገረኝ። «አልጠየቅኳቸውም እማዬ፤ ‹ውሃ ይፈልጋሉ?› ነው ያልኳቸው» አለኝ። ለነርሷም «አዎ ብለዋል» ብሎ መልሷል። አስቡት፤ አንድ ሰው በሕይወቱ ከሚጠየቃቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ መልሱ በውሃ ጥማት ተመዘገበ።

ልጄ አላጠፋም። የማይገባው ሸክም ነው የተጫነበት። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና የጤና ሽፋን ሕጉ፣ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ለበሽተኛው በነፃ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ሕይወት ለማትረፍ ካላስቸኮለ በስተቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ስለዚህ ሰባተኛው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «በእያንዳንዱ ጉብኝት፣ ሌሊት ስንደውልም ጭምር፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ታገናኙናላችሁ?» የቤታችሁ ቋንቋ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነም እንደዚያው።

ሌላም አለ። በባህላችን በሽተኛው በሽታውን እንዳይሰማ እንደብቃለን። እዚህ አገር ማወቅ የበሽተኛው መብት ነው፤ ግን «ለእኔ አትንገሩኝ፣ ለልጄ ንገሯት» ማለትም መብቱ ነው። ጥሩ ሆስፒስ አስቀድሞ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ራሳቸውን ይጠይቃል። ልብ ሲቆም ለማስነሳት እንዳይሞከር የሚለውን ወረቀት ካልፈረማችሁ አንቀበልም የሚል ካለ ግን ትክክል አይደለም፤ የሜዲኬር ሆስፒስ ለመግባት ግዴታ አይደለም።

እምነትንም አንሱ። አባባ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኪኒን አልቀምስም ይሉ ነበር። ሁለተኛዋ ነርስ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካከለች፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር እንድንነጋገር መከረችን። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ሴትን ሴት እንድታጥብ፣ ከሞት በኋላም የጀናዛ እጥበቱና ቀብሩ እንዳይዘገይ አስቀድመው ይንገሩ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነም ለሶሻል ወርከሯ በጊዜ ንገሯት፤ ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል።

ካልተመቻችሁስ?

ደብተር ይኑራችሁ። መቼ እንደደወላችሁ፣ ማን እንዳነሳ፣ መቼ እንደመጡ፣ መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ጻፉ። እነዚህን ካያችሁ ዝም አትበሉ፦ በተደጋጋሚ የሚሰረዝ ጉብኝት፣ ያልቃል እየተባለ ሳይደርስ የሚቀር መድኃኒት፣ «በጣም አመማቸው» ስትሉ «የሚጠበቅ ነው» ብቻ የሚል መልስ፣ የማትመጣ ሶሻል ወርከር። መጀመሪያ ለነርሶቹ ኃላፊ ተናገሩ። ካልተስተካከለ ወደ ሜዲኬር በ1-800-633-4227 ደውሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። በየግዛቱም የጤና ተቋማትን የሚፈትሽ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላል።

ሆስፒስ መቀየርም ይቻላል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ፣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ መዛወር መብት ነው። እኛ ወረቀት ፈርመን በአራት ቀን ተዛወርን። «ሰዎቹን እናስቀይም ይሆን?» እያልን ያባከንነው ሳምንት ግን ይቆጨኛል። ይሉኝታ ለሥቃይ መድኃኒት አይሆንም።

ከአጭበርባሪዎችም ተጠንቀቁ። ቤት ለቤት ወይም አረጋውያን በሚሰበሰቡበት እየዞሩ ነፃ ምግብ፣ ነፃ ረዳት፣ ገንዘብ እንሰጣለን ብለው የሜዲኬር ቁጥር የሚሰበስቡ አሉ። ለሞት ያልቀረበን ሰው ሆስፒስ ያስመዘግቡታል፤ ሰውየው ሐኪሙ ጋ ሲሄድ «አንተ እኮ ሆስፒስ ነህ» ተብሎ ሕክምናው ይስተጓጎላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳ፣ በአሪዞናና በቴክሳስ አዳዲስ ሆስፒሶችን በልዩ ሁኔታ መቆጣጠር የጀመረው በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ምክንያት ነው። ወላጆቻችሁን «የሜዲኬር ካርዱን ለማንም እንዳታሳዩ፣ እኔ ሳላየው እንዳትፈርሙ» በሏቸው።

ለልጆች

ልጆች ሆይ፣ አያታችሁ ቤት ውስጥ በጣም ከታመሙ፣ የሚያስጨንቃችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። የታመሙት በእናንተ ጥፋት አይደለም። አጠገባቸው ቁጭ ማለት፣ እጃቸውን መያዝ፣ ውሃ ማቀበል፣ የድሮ ፎቶ አብሮ ማየት ትልቅ እርዳታ ነው። ዶክተርና ነርስ የሚሉትን መተርጎም ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። «እባክዎ አስተርጓሚ ይጥሩ» ብትሉ ማንም አይቆጣችሁም። ወላጆችም፣ ሶሻል ወርከሯ ከልጆች ጋር እንድታወራ ጠይቁ፤ ይህ የአገልግሎቱ አካል ነው።

ሁለተኛዋ ነርስ

አዲሲቷ ነርስ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ከአባባ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስልኳን መሐል አስቀምጣ የአማርኛ አስተርጓሚ ደወለች። ከዚያ «ከሁሉ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። አባባ ትንሽ አሰቡና «ቡና ሲቆላ ጭሱ ይድረሰኝ» አሉ። ኦክስጅን ስለነበራቸው እሳትና ዕጣን አጠገባቸው አይፈቀድም። ነርሷ ቦታውን አይታ ዘዴ ዘየደች፦ ቡናው ኩሽና በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቆልቶ፣ ምጣዱ ከምድጃው ወርዶ ትንሽ ከበረደ በኋላ ወደ እሳቸው ይምጣ። በየቀኑ እንዲያ ሆነ።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እንደገና ትንፋሽ አጠራቸው። ደወልኩ። ያነሳችው ራሷ ተረኛዋ ነርስ ነበረች። የተማርነውን መድኃኒት ለክቼ ሰጠሁ፤ ከ50 ደቂቃ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሲነጋ አባባ ተኝተው ነበር። ካረፉም በኋላ የደወልነው 911 ሳይሆን ለእሷ ነው። መጥታ አረጋገጠች፣ እናቴን አቀፈች፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ አላስቸኮለችንም።

ልጄ በዚያ ሌሊት አያቱ እግር ሥር ተኮራምቶ ተኝቶ ነበር። ማንም ቀስቅሶ ምንም አላስተረጎመውም።

ወላጆቻችሁ ደህና ከሆኑ እሰየው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ይህን ገጽ ቆርጣችሁ አስቀምጡት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥያቄዎቹ የሚያስፈልጉት ከመፈረም በፊት ነው።